መንጌ የተባለው ቀለም

ለምወድሽ እናቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ። እንዴት ሰነበትሽ? ዝናብ ሊመጣ ሲል ይጠዘጥዘኛል የምትይው ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ያቺ ቀንዳሟ ፍየል ወለደች? ጎረቤታችን አማልስ ከዚያ ሳሏ ዳነች? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እንዲያውም እንዲህ ደህና የሆንኩበትን ጊዜ አላስታውስም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ ብዬ ነው ወረቀት ያነሳሁት።

ኑሃ እህቴ፣ ይህን የምታነቢላት አንቺ ነሽና እባክሽ ቀስ በይ። ወደ ቤታችን ቋንቋ ስትመልሺው አታሳጥሪው፣ በተለይ እኔን የሚያሳፍረኝን ቦታ እንዳትዘዪ። ከመሃል ታቋርጥሻለች፤ ያን ጊዜ ገና አላለቀም በያትና ቀጥዪ። በስልክ ያልተናገርኩት ለዚህ ነው። እኔ ሦስት ቃል ሳልናገር እሷ ሠላሳ ትናገራለች።

አትቆጪ እናቴ፣ ስቀልድ ነው። ግማሹን።

ከመኪናው ልጀምር። ባለፈው ወር ሐሙስ ዕለት አንቺና የማኅበራችሁ ሴቶች ማንጎውን ከንጋት ጀምሮ አውርዳችሁ፣ በጆንያ ሞልታችሁ፣ መንገድ ዳር ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ፣ እስከ ዐስር ሶላት ተቀምጣችሁ ወደ አሶሳ ገበያ የሚጭነውን መኪና ጠበቃችሁ። የመኪናውን ፕሮግራም የሠራው ልጄ ነው፣ መኪናው በሰዓቱ ይመጣል ብለሽ ለሁሉም አፍሽን ሞልተሽ ተናግረሽ ነበር። መኪናው አልመጣም። ማንጎው ተበላሽቶ ለፍየል ሆነ፣ አንቺም ልጅሽ ያለው መኪና የት ደረሰ እየተባልሽ መሳቂያ ሆንሽ። ስትደውዪልኝ ሾፌሩ ዲማ መንገድ ተሳስቶ ነው አልኩሽ።

ዲማ አልተሳሳተም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ይኸው ጻፍኩት፣ እፎይ!

ዲማ ከዚያ ወዲህ ወደ አገራችን ወደ መንጌ ሲመጣ ሰላምታውን እንደማትመልሺለት ነገረኝ። እናትህ ውሃ እንኳ ከለከለችኝ አለኝ፤ ምን እንዳደረኩባት አላውቅም አለ። እየሳቀ ነው የነገረኝ፣ እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። አሁን ለእሱም ነግሬዋለሁ። በል ምሳ ጋብዘኝ አለኝ። ጋበዝኩት። ሁለት ሰው የሚበላውን ብቻውን በላ፣ ይብላ፣ ይገባዋል።

እንዴት እንደተሳሳትኩ እንዲገባሽ ስለ ሥራዬ ጥቂት ልንገርሽ። ሁልጊዜ ስትጠይቂኝ ጽሕፈት ነው ብዬ አልፍሻለሁ። ጽሕፈትስ ጽሕፈት ነው። ኮምፒውተሩ ምን እንዲሠራ እንደምንፈልግ መስመር በመስመር እንጽፍለታለን፣ ያንን ኮድ እንለዋለን። ኮዱን የምንጽፍበት ደግሞ ራሱን የቻለ ፕሮግራም አለ፤ ኤዲተር ይባላል። ኤዲተር ለእኛ አንቺ ወርቅ እንደምታጥቢበት የእንጨት ገበታ ነው። አማል አንድ ቀን ሳትጠይቅሽ ገበታሽን ይዛ ወንዝ የወረደች ጊዜ ምን እንዳልሻት ትዝ ይልሻል? እጄ የሚያውቀው እሱን ነው ብለሽ ሳምንት ሙሉ አኮረፍሻት። አሸዋው እንዴት እንደሚዞር፣ ውሃው በየት በኩል እንደሚፈስ እጅሽ ለምዶታል። እኛም እንደዚያው ነን። ቀኑን ሙሉ ዓይናችን እሱ ላይ ነው፤ ትንሽ ነገር ሲለወጥብን ቤታችን የተዘረፈ ይመስለናል።

እዚህ አሶሳ ቢሯችን ውስጥ አራት ነን። ኃላፊያችን ወይዘሮ የሻረግ ናቸው፣ ወላጆቻቸው በሰፈራ ከወሎ የመጡ፤ አነጋገራቸው ዛሬም የወሎ ነው። ጂራታ የባምባሲ ልጅ ነው። ሕሊና ደግሞ ከእኔ አጠገብ የምትቀመጥ ናት። ጂራታና ሕሊና ስለ ኤዲተር ሲከራከሩ ብትሰሚ ስለ መሬት ድንበር የሚጣሉ ይመስልሻል። ጂራታ ገጹ ጥቁር ካልሆነ ዓይኔ ይጠፋል ይላል፤ ጥቁር ላይ ደግሞ ቀለማ ቀለም ፊደል ይወዳል፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ። ሕሊና የሚያስጨንቃት የአማርኛው ፊደል ነው። ባዶ ሳጥን ሆኖ እየመጣ ያናድዳታል፤ ፊደሌን በትክክል ያሳየኝ፣ ቃል ስጀምር ይጨርስልኝ፣ ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ ትላለች። ወይዘሮ የሻረግ ስለ መልክ ግድ የላቸውም። እኔ የምፈልገው መብራት ሲጠፋ የጻፍኩት እንዳይጠፋብኝ ነው፤ ራሱ ሴቭ ያድርግ፣ ቶሎ ይከፈት፣ ኢንተርኔት የለም ብሎ አያኩርፍብኝ ይላሉ።

የእኔ ኤዲተር ሁሉንም ያስቃቸው ነበር። ቀለም የሚባል የለውም። ነጭ ገጽ፣ ጥቁር ፊደል፣ ያውም ትልልቅ። ከመስመሮቹ ጎን ደግሞ ምልክት አደርግበታለሁ፤ ለአዲስ መስመር የመደመር፣ ለሚጠፋ መስመር የመቀነስ ምልክት። ጂራታ ቁርኣን በሚቀራበት የእንጨት ሰሌዳ የመድረሳ ሉሕ ይለዋል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ታዲያ መብራት ይጠፋል አይደል? ያን ጊዜ ባትሪው የሚያገለግል ኮምፒውተር አንድ ወይ ሁለት ቢሆን ነው። ግቢው ውስጥ ማንጎ ጥላ ሥር ይዘነው እንወጣና ተራ በተራ እሱ ላይ እንሠራለን። ጂራታ በሕሊና ገጽ ላይ ይደናበራል፣ ሁለቱም በእኔ ላይ ይስቃሉ፣ ሥራ ይቆማል። ወይዘሮ የሻረግ በቃ፣ የአራታችንም ኤዲተር አንድ መልክ ይያዝ አሉ። ክፉ ሴት እንዳይመስሉሽ፣ እናቴ። አስቀድመው ለእያንዳንዳችን ወረቀት ሰጥተው ከኤዲተሩ ምን እንደምትፈልጉ ጻፉልኝ ብለው ለመኑን። ሕሊና ሁለት ገጽ ጻፈች። ጂራታ ወረቀት አልቆበት ጀርባውን ጻፈ። እኔ ብዕሬን ይዤ ተቀምጬ ተቀምጬ ሁሉም ይመቸኛል ብዬ ሰጠሁ።

ሁሉም ይመቸኛል! እዚያ ላይ እውነቱን ብጽፍ ኖሮ ማንጎሽ አሶሳ ገበያ ይገባ ነበር።

ለምን አልጻፍክም ትይኛለሽ። ልጅ ሆኜ ዛፍ ላይ ስታወጪኝ ጉንጩ የቀላውን ብቻ አውርድ ትይኝ ነበር። እኔም አወርድ ነበር፤ ግማሹ ጥሬ ይሆናል። ምን ያህል እንደተቆጣሽኝ እኔም አንቺም አንረሳውም። ግድየለሽ ነህ፣ ዓይን እያለህ የማታይ፣ ሥራ የምትንቅ ትይኝ ነበር። ከስንት ቁጣ በኋላ መላ አገኘሁለት። ማንጎውን በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ፣ ግንዱ ጋ አሽትቼ እቆርጣለሁ። ከዚያ ወዲህ አልተሳሳትኩም፣ አንቺም ልብ ገዛ ብለሽ ደስ አለሽ። እኔ ግን ሌላው ሰው ሳያሸት እንዴት እንደሚያውቅ አልገባኝም። ጎበዞች ናቸው፣ እኔ ሰነፍ ነኝ ብዬ አመንኩ። ግድየለሽነቴን ደብቄ የምኖር ሰው ነኝ ብዬ ነበር የማስበው፣ እናቴ። ይህን ደግሞ ወረቀት ላይ ጽፎ ለአለቃ የሚሰጥ የለም።

አዲሱ መልክ መጣ። ጂራታ የመረጠው ጥቁር ገጽ ከነቀለሙ። ምልክቶቹን ሕሊና ገጹን ያጣብቡታል ስላለች አነሷቸው። እኔም ቆንጆ ነው ብዬ አጨበጨብኩ። በእኔ ዓይን ግን ጭቃ ነበር።

ከዚያ ያቺ ረቡዕ መጣች። የመኪናውን ፕሮግራም ታውቂዋለሽ፣ በየቀኑ ወደየት እንደሚሄድ ለዲማ ስልክ የሚልከው ነው። ሐሙስ ሆሞሻ የሚል ነበር። የሆሞሻው ማንጎ ገና ስላልደረሰ ጂራታ ሐሙስን ወደ መንጌ ለወጠው፤ እኔ ደግሞ እዚያው ቦታ ሌላ ነገር አስተካክዬ ነበር። እንዲህ ሲሆን ኤዲተሩ አሮጌውን በቀይ፣ አዲሱን በአረንጓዴ አድርጎ ያቀርብና የቱን ልያዝ ብሎ ይጠይቃል። በቦታ ስም ፋንታ ቁጥር ነው የምንጽፈው፣ ስለዚህ ሳነበውም አላወቅኩትም። ቀለሙን አየሁት። ሁለቱም አንድ ናቸው። ጂራታ ምሳ ወጥቷል። ሕሊና አጠገቤ ናት፤ የቱ ነው ቀዩ ብዬ ልጠይቃት ነው እንግዲህ? በሃያ አምስት ዓመቴ? ላቤ ጠብ እስኪል አፍጥጬ ሳየው ቆየሁና አንዱን ነካሁ።

ያልነካሁት መንጌ ነበር።

ዲማ የተላከለትን አይቶ ሆሞሻ ሄደ። እዚያ ማንም አልጠበቀውም፤ ባዶውን ተመለሰ። የቀረውን አንቺ ታውቂዋለሽ። ቅዳሜ ቤቴ ተቀምጬ ሥራዬን በፈቃዴ ለቅቄአለሁ የሚል ደብዳቤ ጻፍኩ። እንዲህ የሚያበላሽ ሰው ሳያባርሩት ቢሄድ ይሻላል፣ መንጌ ገብቼ ከአንቺ ጋር ወርቅ አጥባለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። ሰኞ ደብዳቤውን በኪሴ ይዤ ገባሁ።

ወይዘሮ የሻረግ ሰበሰቡን። መቆጣት አልተቆጡም፣ ከቁጣ የባሰው እሱ ነው። ያንኑ ገጽ ትልቁ ስክሪን ላይ አስከፍተው ኧረ በሞቴ አሳየኝ፣ አሮጌው የትኛው መሰለህና ነው ይህን የያዝከው አሉኝ። ተነሳሁና በጣቴ አንዱን ነካሁ፤ ለካ አዲሱን ነው። ጂራታ ሳቀ፤ የቀለድኩ መስሎታል። ወይዘሮ የሻረግ አልሳቁም፣ ምን ነካህ አሉኝ። ያኔ ሕሊና ቀስ ብላ ተነሳች። የአንገት ልብሷን ፈታ ጠረጴዛው ላይ አደረገችው፤ የጂራታን የላፕቶፕ ቦርሳ ከጎኑ አስቀመጠችና ከሁለቱ ቀዩ የትኛው ነው አለችኝ። አየሁ፣ አየሁ። ከዚያ ምን እንዳደረኩ ታውቂያለሽ? እጄን ዘርግቼ አንገት ልብሷን በአውራ ጣቴ ጫን አደረኩት። እንደ ማንጎ።

ሕሊና ራሷ ናት የዓይን ሐኪም ዘንድ የወሰደችኝ። ሐኪሙ በትንንሽ ባለቀለም ክቦች የተሞላ መጽሐፍ ገልጦ ቁጥሩን አንብብልኝ አለኝ። የምን ቁጥር? ሕሊና ከኋላዬ ቆማ እየተገረመች ታነበዋለች፣ እኔ ክብ ብቻ ነው የማየው። ሐኪሙ መጽሐፉን ዘጋና ዓይንህ ቀይና አረንጓዴ አይለይም አለኝ። በሽታ አይደለም፣ አይብስም፣ አያሳውርም፣ መድኃኒትም የለውም። ከተወለድክ ጀምሮ እንዲህ ነህ አለኝ። በስንፍና ነው እንዴ ብዬ ጠየቅኩት። ሰውዬው ግራ ገብቶት ምን አገናኘው አለኝ።

ምን አገናኘው! ይህን ቃል ብታውቂልኝ፣ እናቴ። ከበሩ ወጥቼ መንገድ ዳር ቆሜ አለቀስኩ፣ ደስታ ነበር። ሕሊና የደነገጥኩ መስሏት ታባብለኛለች፣ እኔ ግድየለሽ አይደለሁም፣ ግድየለሽ አይደለሁም እላታለሁ። ያን ዕለት እንቅልፍ እንዴት እንደወሰደኝ!

አሁን ደረትሽን እንዳትመቺ። ኑሃ እጇን ያዢያት። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ጥሬ ማንጎ አይተሽ ጥሬ ነው አልሽ፣ የእኔን ዓይን ከየት ታውቂዋለሽ? እኔው ራሴ አላወቅኩትም። ሐኪሙ እንደነገረኝ ይህ ነገር ወንዶች ላይ ይበዛል፣ በእናት በኩልም ይመጣል፤ እናትየዋ ራሷ ቀለሙን ሁሉ በደንብ እየለየች ማለት ነው። እናትህ ወንድም አላት ወይ ብሎም ጠየቀኝ። አላት አልኩት።

ደብዳቤዬን ወይዘሮ የሻረግ ሳላወጣው አወቁ መሰለኝ፣ ኪስህ ውስጥ ያለውን ቅደደው አሉኝ። ቀጥለው ያን ሁሉም ይመቸኛል ያልኩበትን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥተው እንደገና ጻፍ ብለው ሰጡኝ። አንድ ገጽ ሞላሁት። ጂራታማ ሁለት ቀን አልሳቀም። የመድረሳ ሉሕ እያለ የቀለደብኝ እያንገበገበው፣ ሁለቱን ቀን ተቀምጦ አዲስ መልክ ሠራልኝ። ገጹ ነጭ፣ ቀይ በነበረበት ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ በነበረበት ሰማያዊ፤ ምልክቶቼ ወደ ቦታቸው ተመለሱ፣ የሚጠፋው መስመር ላይ ደግሞ ስርዝ ጨመረበት። ሲከፍትልኝ መስመሮቹ ለየብቻ ተቀመጡልኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እንዲህ ያለ መልክ ስም ይሰጠዋል፤ ጂራታ መንጌ አለው። የሚገርምሽ አሁን አራታችንም መንጌን ነው የምንጠቀመው። ማንጎ ጥላ ሥር ስንቀመጥ የጂራታ ጥቁር ገጽ እንደ መስታወት የራሱን ፊት ያሳየው ነበርና፣ እሱ ራሱ በመንጌ ፊደሉ ይታየኛል ብሎ ቀረ።

የቀረችኝ አንዲት ነገር ናት፤ ያቋረጠችሽ ከሆነ ኑሃ፣ አሁን በጣም ጸጥ አሰኛት።

ባለፈው ሰኞ ወይዘሮ የሻረግ ከዲማ ጋር ሆሞሻ ሄጄ የዚያን ማንጎ አምራቾች ሳይጠሩት ስለተላከባቸው መኪና ይቅርታ እንድጠይቅ ላኩኝ። ሆሞሻ ስል ፊትሽ እንደሚለዋወጥ አውቃለሁ። ወንድምሽ፣ አጎቴ ሀዲል ያለበት ነው። በየዒዱ የምታነሺውን አልረሳሁም። ለሠርግሽ ሙሽራ የምትከናነበውን ረጅም ልብስ፣ ቀይ ቶብ ከኩርሙክ ገበያ ግዛልኝ ብለሽ ላክሽው፤ እሱ ደግሞ አባቴን አላህ ይማረውና አልወደደውም ነበር፤ አረንጓዴ ቶብ ገዝቶ ላከልሽ። በሰው ፊት ቁጥቋጦ ሊያስመስለኝ ነው ብለሽ እሱን ሳጥን ውስጥ ወረወርሽና የሰው ቶብ ተውሰሽ ተዳርሽ። ሰላም ሊልሽ ሲመጣ በር ዘጋሽበት። ሰው ሲጠይቅሽ ለምን እንደሆነ እሱ ያውቀዋል ትያለሽ። ሃያ ስድስት ዓመት።

ባትሪና ጨው የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችው። ገና ሲያየኝ የማን ልጅ እንደሆንኩ አወቀ፣ ፊቴ ያንቺ ነው አለኝ። እጄን ይዞ አልለቅ አለ። ከዚያ ማንጎ ልስጥህ ብሎ ቅርጫቱ ላይ ጎንበስ አለ። አንዱን አነሳ፣ በአውራ ጣቱ ጫን አደረገ፣ ግንዱ ጋ አሸተተ፣ መለሰ። ሌላ አነሳ፣ ጫን አደረገ፣ አሸተተ። እናቴ፣ ቆሜ ቀረሁ። ሥራህን አሳየኝ ሲለኝ ላፕቶፑን ከፈትኩለት። በጂራታ አሮጌ ገጽ ላይ ዓይኑን አጥብቦ ቆየ። መንጌን ስከፍትለት ግን ጣቱን ዘረጋና ይኼኛው ከዚህኛው ይለያል አለኝ።

ስለ አንቺ ብዙ ጠየቀኝ። ባሏን አልወደድክም ብላ እንደተቀየመችኝ ነው፣ ልክ ናት፣ ጥፋቴ ነው አለ። ከዚያ አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ ያን ጊዜ ኩርሙክ ሁለት ቀን ዞሬ ከሁሉም ደመቅ ያለውን ነው የመረጥኩላት፤ ያን ቀይ ቶብ አንድ ቀን እንኳ ለብሳው ታውቃለች ወይ አለኝ።

ስለ ቀለም እኔን አትጠይቀኝ አልኩት። መጥተህ ራሷን ጠይቃት።

ሐሙስ የመንጌ ተራ ነው። ይህን በሁለት ዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ምልክትም አለው፣ ሕሊናም አይታዋለች። ማንጎውን ያለ ሥጋት አውርዱ። የዲማ መኪና ከፊት ሦስት ሰው ይይዛል፣ ሦስት ሆነን እንመጣለን። ለዲማ ውሃ አቅርቢለት። ኑሃ፣ አንቺ ደግሞ ያን ቶብ ከሳጥኑ አውጪና አየር ይንካው።

አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ደጅሽን ሰው የማይታጣበት ያድርገው።

ጥሬ ማንጎ ያወርድ የነበረው ልጅሽ